ስለ ጓሮ ተክልና ስለ ወረርሽኝ ዘመን

ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ሳለ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ደብዳቤ ላከላቸው። ምርኮኞቹ አገራቸው ርቆባቸው፥ መንገዱም ተዘግቶባቸው ነበር፤ ሐሰተኞች ነቢያትም ቶሎ ትመለሳላችሁ እያሉ ያጽናኗቸው ነበር። ኤርምያስ ግን የመለሰላቸው ሌላ ነው። ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ፥ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ምክሩ ረጅም ዘመን ለሚቈይ መከራ የተሰጠ መሆኑን ልብ እንላለን፤ አትክልት የሚተክል ሰው የሚመጣውን ዓመት አስቀድሞ የቈጠረ ነውና።

ይህን የነቢዩን መልእክት ያስታወሰን፥ የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉት በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የነበረው ኑሮ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ሦስት ቀን ቈይቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከሚችለው ሰው ግማሹን ብቻ እንዲያሳፍር ተደነገገ፤ ቅዱስ ሲኖዶስም አገልግሎቱ በጥቂት ካህናት እንዲከናወንና ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ መመሪያ ሰጠ። በሌላው ዓለም እንደ ታየው ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያስገድድ ዐዋጅ በአገራችን አልወጣም። ሆኖም የዕለት ጉርሱን ከገበያና ከመንገድ ለሚያገኝ ሰው የሆነው ነገር ከዚያ እጅግም አልራቀም።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ይህንንም ስም ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ ይዞት ይኖራል። አሁን የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለ ገቡባት ነው ተብሎ ይነገራል። በ2012 ዓ.ም. የሆሳዕና በዓል የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን፥ ዐዋጁ በወጣ በአምስተኛው ቀን ነበር። እንግዲህ ስሟን ከበዓሉ የወሰደች ከተማ ያን በዓል ሕዝብን በአንድነት መሰብሰብ በማይፈቀድበት ቀን ተቀበለችው። ከሳምንት በኋላም ፋሲካው እንዲሁ አለፈ።

ነገር ግን ማዕዱ ባዶ አልነበረም፤ ወይም ባዶ ያልሆነው በጓሮው የበቀለ ነገር በነበረበት ቤት ነው ብንል ይሻላል። የሀዲያ እናቶች ለታላላቅ በዓላት የሚሠሩት አተካና የሚባል ምግብ አላቸው። ቡላው ከቤቱ ኋላ ከቆመው እንሰት፥ ቅቤውና ወተቱ በዚያው ግቢ ከታሰረችው ላም ይገኛል። ይህን ምግብ ለማዘጋጀት መኪና ይምጣ፥ ገበያ ይከፈት፥ የባሕር ማዶ ገንዘብ ይድረስ አያሰኝም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚመላለሰው በዚህችው ጥቂት በምትመስል ልዩነት ላይ ነው።

እንሰትን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንናገር። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም፤ ግንዱና በመሬት ውስጥ ያለው ሥሩ ነው። ግንዱ ተፍቆ፥ ከተፋቀውና ከተፈጨው ሥር ጋር ተደባልቆ፥ በቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ከሚጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው፤ ሥሩ እንደ ድንች ሲቀቀል ደግሞ አሚቾ ይባላል። ቃጫው ለገመድ፥ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያና ለከብት መኖ ይውላል። ሀዲያውም ከምባታውም በቋንቋው ዌሳ ብሎ ይጠራዋል፤ ከቤቱም እጅግ አያርቀውም፤ የላሟ ፍግ፥ የምድጃው ዐመድ፥ የቤቱ ጥራጊ የሚወድቀው በእርሱ ሥር ነውና። ተክሉን የመረመሩ ሊቃውንት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ የቆሙ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እንሰቶች ከ5 እስከ 6 ነፍስ ላለበት ቤተ ሰብ በቂ ምግብ ሊሰጡ እንደሚችሉ ገምተዋል።

የእንሰት ዋና ጠባዩ ግን ወቅት የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ጤፍና ስንዴ በወራቸው ካልታጨዱ ይረግፋሉ፤ ከታጨዱም በኋላ ጐተራና ነቀዝ አለባቸው። እንሰት በቆመበት ጐተራ ነው። ሲርብ ይቈረጣል፤ ካልራበም እስኪያብብ ድረስ እያደገ ይቈያል። ከተቀበረም በኋላ ቆጮው በጕድጓዱ ውስጥ ብዙ ወራት ሳይበላሽ ይኖራል። መንገድ ቢዘጋ፥ ዋጋ ቢንር፥ ነጋዴ ቢሰውር፥ በጓሮ የቆመውን እንሰት ማንም ሊሰውረው አይችልም።

በዚያው ዓመት በአውሮጳና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ከቤት በዋሉ ጊዜ የጓሮ አትክልት ለመትከል ተነሡ፤ ዘር ሻጮችም የሚፈለገውን ያህል ማድረስ አቃታቸው። መልካም ሥራ ነው፤ ሰላጣና ጎመን በሁለት ወር ይደርሳሉና የደከሙበትን አላጡም። ነገር ግን በሆሳዕናና በዱራሜ ጓሮ በ2012 ዓ.ም. ለመፋቅ የደረሰው እንሰት የተተከለው ስለ ወረርሽኙ ማንም ምንም ባልሰማበት ጊዜ፥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ መከራን ቻለ ሲባል፥ የቻለው በመከራው ወር ባደረገው ነገር ብቻ እንዳይመስለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው በደኅናው ዘመን፥ ያለ አንዳች ፍርሃት፥ እንደ ተራ ልማድ የተደረገው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ በአንድ መንደር ጐን ለጐን የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦችን በምሳሌ እናስብ። ከሃያ ዓመት ወዲህ እጅግ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በንግድ ይኖራሉ፤ በሆሳዕና ከቆሙት ብዙ መልካም ቤቶች አያሌዎቹ የተሠሩት እነርሱ በላኩት ገንዘብ መሆኑን የማያውቅ የለም። የሁለቱም ቤቶች ልጆች በዚያ ናቸው እንበል። ደቡብ አፍሪካ ከመጋቢት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ጀምሮ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘች፤ ብዙ ንግድ ቆመ፤ የሚላከውም ገንዘብ ተቋረጠ። አንደኛዋ እናት ልጇ በላከላት ገንዘብ ቤቷን ስታሳድስ የኋላውን እንሰት አልነካችም። ሁለተኛዋ ግን ግቢው ንጹሕና ዘመናዊ ይሁን ብላ ጓሮውን እስከ አጥሩ ድረስ በሲሚንቶ አስለብሳዋለች። ገንዘቡ በሚመጣበት ወር የሁለተኛዋ ግቢ ያማረ ነበር፤ በማይመጣበት ወር ግን ሲሚንቶው አላበላትም። ይህን የምንለው በሁለተኛዋ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እንሰት የድኻ ተክል ነው እያልን የኖርን የከተማ ሰዎች ሁላችን ሲሚንቶውን አብረናት አፍስሰናልና።

እርግጥ ነው፥ የመጀመሪያዋም እናት ብቻዋን አልበላችም። ቆጮ በአንድ ሰው ጉልበት የሚሠራ ምግብ አይደለም። መቍረጡ፥ መፋቁ፥ መጭመቁ፥ መቅበሩ የሴቶች ሥራ ነው፤ ሴቶችም ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ እየተጠራሩ፥ ዛሬ በአንቺ ቤት ነገ በእኔ ቤት እየተባባሉ በደቦ ይሠሩታል። በጕልበት የረዳች ሴት ባዶ እጇን አትመለስም። ጓሮ የሌላት ጎረቤት የምትበላበት ጥንታዊው መንገድ ይህ ነው፤ ልመናም ምጽዋትም አይባልም። ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ የወጣው ዐዋጅ በዚህ አገር ላይ የከበደው በዚህ በኩል ነበር፤ ሥራውም፥ ማካፈሉም፥ መጠያየቁም በአንድ ደቦ ውስጥ ተጣምረው ይኖሩ ነበርና።

በዚህ ስፍራ እጅግ የምናስብበት አንድ ነገር አለ። እንሰት ራሱ ወረርሽኝ አለበት። አጠውልግ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ የእንሰት በሽታ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት መርምረው በጽሑፍ አስታወቁት። በሽታው ሲጀምር የመካከለኛው ቅጠል ይገረጣል፥ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥም ቢጫ የሚመስል ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በመጨረሻም ተክሉ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚዛመትባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ዋነኛው ግን የታመመ እንሰት የቈረጠው ቢላዋ ነው። ቢላዋው ደግሞ የሚዘዋወረው ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚዋዋስና በደቦ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው ክፋት አይደለም፤ መዋደድ ነው።

የእርሻ ባለሙያዎች ይህን አይተው ተዋዋሱን ተዉ፥ ደቦውን አፍርሱ አላሉም። ቢላዋው አንዱን ጓሮ ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ፤ የታመመው እንሰት ከሥሩ ተነቅሎ ይቀበር፤ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አይወሰድ፤ ከብትም ወደዚያ አይግባ ብለው አስተማሩ። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. እጃችሁን ታጠቡ፥ ተራራቁ፥ የታመመውን ለዩ የሚለው ትምህርት ወደ እነዚህ ከተሞች ሲመጣ በጓሮው አስቀድሞ የታወቀ ሥርዓት ነበረ። ካህን ከሩቅ ሲባርክ፥ ወዳጅ ወዳጁን ሳይጨብጥ በዓይኑ ሲሳለም፥ ፍቅር የቀዘቀዘ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ቢላዋውን በእሳት ሳይለበልብ ለጎረቤቱ የሚያውስ ሰው ከሚለበልበው ይልቅ ጎረቤቱን ይወዳል የሚል ካለ ግን ነገሩን ለእንሰት ተካዮች አቅርቦ ይጠይቅ።

ከዚህ ጋር ሊነገር የሚገባው የዝንጅብል ነገር ነው። በከምባታ ምድር ሀደሮና ጠምባሮ በዝንጅብል የታወቁ ነበሩ፤ ብዙ ገበሬም መሬቱን ለእርሱ ሰጥቶ ከሽያጩ ይኖር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን ሌላ አጠውልግ መጥቶ ዝንጅብሉን አወደመው፤ የሚተከለው ሥር ራሱ በሽታውን ይዞ ይሄድ ነበርና በአጭር ጊዜ አገሩን አዳረሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ ኮሮና ሲመጣ በከተሞች ሁሉ ሰው ዝንጅብል፥ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ለመግዛት ተሻማ፤ ዋጋቸውም በድንገት ናረ። (እነዚህ ተክሎች ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፥ ያሞቃሉ፤ ኮሮናን ግን አያድኑም፤ ጤና አዳምና ፌጦም እንዲሁ ናቸው። ይህን ግልጽ አድርገን የምንናገረው፥ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በእነርሱ ተማምኖ ሐኪም ሳያይ ስለ ቈየ ነው።) የዝንጅብሉ ታሪክ ጓሮን ለአንድ ተክል ብቻ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ያሳየናል።

ስለ እንሰትም ቢሆን ከመጠን በላይ ማሞገስ አይገባም። በውስጡ ያለው አብዛኛው ጉልበት ሰጪ ነው፤ ገንቢው ምግብ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አባቶች ቆጮን ብቻውን አልበሉትም፤ ከጎመን፥ ከባቄላ፥ ከአይብና ከወተት ጋር በሉት እንጂ። በጾም ጊዜ የእንስሳቱ ተዋጽኦ ስለሚቀር፥ ባቄላውና ጎመኑ በዚያው ጓሮ ከሌሉ ጾመኛው፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት፥ ይጐዳል። ደግሞም እንሰት ያለው ሁሉ ከረሀብ ያመልጣል ማለት አይደለም። የከምባታና የሀዲያ ገጠር በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አገሮች አንዱ ነው፤ መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ ስለሚያንስ፥ ችግር ሲደጋገም ያልደረሰው እንሰት ሁሉ ይቈረጣል፤ የሚተካውም ይጠፋል። በ1995 ዓ.ም. በደቡብ አገራችን ምድሩ ለምለም ሆኖ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጦት ሲከሱ ታይቷል፤ ያን ጊዜ አረንጓዴ ረሀብ የሚል ስም የተሰጠው ለዚህ ነው። ለአራት ዓመት የተተከለውን በሁለት ዓመቱ የሚበላ ቤት ሁለት ጊዜ ይራባል።

እንግዲህ ወደ ከተሞቹ እንመለስ። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ ሕዝቧም ቤቷም ይበዛል። ዱራሜም፥ ሺንሺቾም፥ ዶዮገናም እንዲሁ እየሰፉ ነው። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ጓሮ ነው። መንግሥት ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት ብሎ የጓሮ ዶሮውን፥ ወተቱንና ማሩን እንዲያስፋፋ ሕዝቡን እየቀሰቀሰ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ዶሮ ግን የምትጭርበት መሬት ትሻለች። በጠባብ የከተማ ግቢ 40 እንሰት ሊቆም አይችልም ቢባል፥ እውነት ነው፤ አምስት ይቆማል። በአምስቱ መካከል ጎደሬና ጎመን፥ በአጥሩ ሥር ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ይበቅላል። የወጥ ቤቱ ልጣጭና የግቢው ቅጠል በጕድጓድ ቢበሰብስ ማዳበሪያው ከዚያው ይገኛል። በነገራችን ላይ፥ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ የማቃጠል ልማድ አለን። ልማዱ ከጽዳት የመጣ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ፕላስቲኩን ለብቻ ለይቶ፥ ቅጠሉንና ገለባውን ከማቃጠል ይልቅ መቅበር ጽዳቱንም ይጠብቃል፥ አፈሩንም ያበላል።

ካህናት አባቶች በዚህ ነገር ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብዙ ጊዜ በከተማው ውስጥ ሲሚንቶ ያልነካው የመጨረሻው መሬት ነው። ዛፎቹ ሳይነኩ፥ ከቅጽሩ አንዲት ጥግ ለችግኝ ማፍያ ብትለይ፥ ጓሮ እያለው ችግኝ ያጣ ድኻ ወደዚያ ይመጣል። ሥራው ረቂቅ ዕውቀት አይሻም። ከበሽታ ንጹሕ የሆነ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነው አንድ እንሰት ይመረጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በበጋው ወራት፥ ቢላዋው በእሳት ተለብልቦ፥ ግንዱ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቈረጣል። ከዚያም በሥሩ መካከል ያለው የሚያድገው እምብርት ተቈፍሮ ይወጣል፤ ይህ ካልተደረገ እንሰቱ ራሱ ብቻውን ተመልሶ ያድጋልና። በባዶው ስፍራ አፈርና ፍግ ይሞላበታል፤ ሥሩም መልሶ ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው ቡቃያ ይፈላል፤ ከአንዱ ሥር ከአርባ እስከ ከመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል። በዓመቱ እየተለየ ለየቤቱ ይታደላል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያለበት አጥቢያ ይህን ሥራ ለወጣቶቹ ቢሰጥ፥ የማን ጓሮ ምን እንዳለበት፥ የትኛው ቤት አጠውልግ እንደ ገባበት፥ የትኛዋ ባልቴት ቆፋሪ እንዳጣች በአንድ ደብተር መዝግቦ መያዝ ያስፈልገዋል። በ2012 ዓ.ም. ማን ምን እንዳለውና ማን ምን እንደ ጐደለው የሚያውቁት ዕድሮች ነበሩ፤ መዝገባቸው ግን የሞትና የመዋጮ እንጂ የጓሮ አልነበረም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ ክረምት ከእናቶቻቸው ጋር ቆፍረው የተከሉ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ያን ጊዜ የተከሉትም እንሰት አሁን ለመፋቅ ደርሷል። ቢላዋውን ከመዋሳቸው በፊት እሳት ማንደዱን አይርሱ።